የወንድሜ ግራ እጅ

እናቴ ወገሻ ነበረች። እጁ የወለቀ፣ ጅማቱ የዞረ ሁሉ ዳባት ያለው ደጃችን ላይ ይቀመጣል። ከመካነ ብርሃን ድረስ በበቅሎ ተጭኖ የመጣ ሰው አስታውሳለሁ። ለጋ ቅቤ ትቀባለች፣ ታሻለች፣ በጨርቅ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፣ ከዚያ «በል ተነሥ፣ አትሞላቀቅ» ትላለች። ሰውየውም ይነሣል። እኔ እዚያው ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያስተማርኩ ከእሷ ጋር እኖር ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አፈ ፈጣን ነኝ። ሰው ጠይቆኝ ሳይጨርስ መልሱ ከአፌ ይወጣል፤ ይህን የምጽፈውም በዚሁ አፌ ምክንያት ነው።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አዲስ አበባ የመንገድ ቀያሽ ነበር። ኩላሊቱ መታመሙን የነገረኝ በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውንም ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤቱ ላከው። «ለእምዬ ትንፍሽ እንዳትይ» ይላል መጨረሻው። አልፈረድኩበትም። የሁላችን ታላቅ የሆነውን ወንድማችንን ደርግ በልቶብን መርዶውን ካረዳናት ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ደግሞስ እኛ አገር ክፉ ወሬ ለእናት መቼ ይነገራል? ይደበቃል፣ ይሸፋፈናል፣ የማይቻል ሲሆን ዘመድ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ ይነግራታል። እኛም እንደ አገራችን አደረግን።

ግንቦት ላይ መጣ። ፊቱ አባብጧል፣ ጫማው አልገባ ብሎት ማሰሪያውን ፈትቶታል። ለእምዬ የመንገድ ድካም ነው አላት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ተቀምጠን ሁሉንም ነገረኝ። ኩላሊቱ ሥራ ስላቆመ ደሙን ሌላ ነገር ሊያጥብለት ይገባል። ሁለት ዓይነት እጥበት አለ። አንዱ በሆድ ነው፤ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ይገባና ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ሌላው በማጠቢያ መኪና ነው፤ ደሙ በክንዱ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ተመልሶ ይገባል።

«የትኛው ይሻላል?» አልኩት።

«ሐኪሙ እንዳለኝ የሆዱ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ለልብና ለደም ሥር ሳይራራ አይቀርም። መኪናው ግን ደሙን በአንዴ እየሳበ ያንገላታል። እነሱም ገና ይከራከሩበታል አሉ።» ከዚያ ሳቀ። «የእኔን ክርክር ግን በሬው ዘግቶታል።»

ልጅ ሳለ በሬ ሆዱን ወግቶት ጎንደር ተሰፍቶ ነበር የዳነው። ውስጡ ተጣብቆ ስለቀረ ፈሳሹ መግቢያ የለውም። የቀረው መኪናው ብቻ ነው፤ መኪናው ደግሞ ለስላሳ ደም ቅዳ፣ ከልብ ደም የሚያወጣውን ሥር፣ ይፈልጋል። የዚህ በሽታ ክፋቱ ደም ቅዳን ማድረቁ ነው። የቀኝ እጁን አንጓ አስያዘኝ፤ ከቆዳው ሥር ያለው እንደ ደረቀ ጠፍር ሆኗል። ግራው ግን ገና ደህና ነበር። ሐኪሙ የግራ እጁን ደም ቅዳ ከደም መልሱ ጋር ሰፍቶ አገናኝቶለታል፤ የደም መልሱ ወፍሮ የመኪናውን መርፌ እንዲችል። እስኪጠነክር ጥቂት ሳምንት ይፈልጋል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይሄዳል። የሕክምና ቦርዱ ወስኖለታል፤ የቀረው የመውጫ ወረቀት ነው።

«ጆሮሽን አስጠጊ» አለኝ። አስጠጋሁ። ከስፌቱ ሥር የሚያልፈው ደም ቅል ውስጥ እንደገባች ንብ እምምም ይላል። በጣቴ ስነካውም ይርገበገባል። «ይህ ድምፅ እስካለ ድረስ እኔም አለሁ» አለኝ። እጁ በጨርቅ መታሰር የለበትም፣ ሸክም አይይዝም፣ አይተኛበትም። ሰዓቱን እንኳ ወደ ቀኝ እጁ አዙሮታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እምዬ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ አዳምጠዋለሁ። ሰምቼ ስወጣ ቀኔ ብሩህ ይሆናል።

እናት ግን እናት ናት። በሦስተኛው ቀን ለምሳ ሲታጠብ ጠባሳውን አየችው።

«ምን ሆነህ ነው?»

እሱ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩ። «ሊማሊሞ ላይ ሲቀይስ ድንጋይ ከድቶት ወድቆ ነው። ጅማቱ ዞሮበት፣ ቆዳውም ተሰንጥቆ ሐኪም ሰፋው።»

እስቲ አሁን ለወገሻ ጅማት ዞረ ይባላል? ብርጭቆ ቆረጠው ብል ምን ነበረበት? እሳት ፈጀው ብል ምን ነበረበት? ስንት ውሸት ሞልቶ ሳለ እሷ የምታድነውን በሽታ መርጬ ሰጠኋት። ወንድሜ ገልመጥ አድርጎኝ መታጠቡን ቀጠለ። በኋላ ግን «ደግ አልሽ፣ አመነች» አለኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልቀለለኝም።

እምዬ ከዚያ በኋላ እጁን በዓይኗ ትከተለው ጀመር። «ሰፍቶ ሳያሸው ለቀቀው? ምን ዓይነት ሐኪም ነው!» ትላለች። እጇን ስትዘረጋ እሱ ይሸሻል። በሸሸ ቁጥር ሕመሙ የጸናበት ይመስላታል። እኔም አደጋው አልታይ ብሎኝ፣ ሲከራከሩ እያየሁ እስቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ስለ መውጫ ወረቀቱ አዲስ አበባ ልደውል ደባርቅ ሄድኩ። ቴሌ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ያ የምንጠብቀው መልስ መጣ። ወረቀቱ ወጥቷል፤ በዐሥር ቀን ውስጥ ይሄዳል። እህል በጫነ መኪና ላይ ተንጠላጥዬ ተመለስኩ። ሾፌሩ «ልታገቢ ነው እንዴ?» ብሎ እስኪቀልድብኝ ድረስ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ስገባ ወንድሜ መደቡ ላይ ተኝቷል። እምዬ አጠገቡ ተቀምጣ እጇን ትጠራርጋለች። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይላል። የግራ እጁ ከአንጓው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፤ ከአዲሱ ነጠላዋ ላይ ቀድዳ ነው ያሰረችው።

«ቀስ በይ፣ እንዳትቀሰቅሺው» አለች። «ሲነቃማ መች ያስነካኛል። የእጁ ሕመም አድክሞት እንቅልፍ ሲጥለው ጊዜ ከጠዋት ጀምሬ አሸሁት። ደም ሥሩ እንዴት ተቋጥሮ ኖሯል መሰለሽ! እየዘለለ፣ እየተንቀጠቀጠ። አሁን ግን ይኸው፣ ረጋ።»

ጨርቁን እንዴት እንደፈታሁት አላውቅም። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም የለም። ወደ ላይ ሄድኩ፣ ወደ ታች ሄድኩ፤ ምንም። ወንድሜ ነቅቶ ያየኛል። ፊቴን አይቶ ሁሉን አወቀ። ቀኝ እጁን አምጥቶ ግራውን ነካ፣ ከዚያ ወደ እናታችን ዞረ።

«ተሻለህ?» አለችው።

«ተሻለኝ፣ እምዬ። እጅሽ ይባረክ።»

እኔ እያለቀስኩ ነበር። «ወረቀቱ ወጣለት፣ ደስ ብሎኝ ነው» አልኩ። እሷም እልል አለች።

ወዲያው ወደ ጎንደር፣ ከዚያም አዲስ አበባ ወደ ሐኪሙ መሄድ ነበረብን። ነገር ግን ጊዜው የጦርነት ነው፤ ከቀትር በኋላ መኪና አይለቀቅም። እሑድ አውቶቡስ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ስንሳፈር እምዬ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልን፣ የታመመ እጁንም ይዛ ሳመችው። ኮሶዬን ስናልፍ ወንድሜ እጁን ጭኔ ላይ አድርጎ «እስቲ አንዴ ስሚ፣ መንገዱ ሲያነጥረን ተከፍቶ ሊሆን ይችላል» አለኝ። ሰማሁ። የሞተሩን ጩኸት ብቻ ነበር የሰማሁት። «ገና ነው» አልኩት፤ ተስፋ ያለው እንዲመስለው።

አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሙ በጣቱ ነካው፣ ከዚያም ስንት ቀን እንደሆነው ጠየቀ። ደሙ ረግቶ ጠንክሯል። በማግሥቱ የቀኙን ሞከረ። መርፌው ሲነካው የደረቀው ደም ቅዳ እየተሰነጠቀ ስፌት አልይዝ አለው። ወጥቶ ለእኔ ሲነግረኝ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ነበር። ደሙ ሳይታጠብ ቆይቶ ስለተመረዘ ወንድሜ አውሮፕላን መሳፈር አይችልም አለ ሐኪሙ። አውሮፕላኑ ያለ እሱ ሄደ፤ እሱም በሳምንቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት አስምሎኛል፤ «ለእምዬ ከነገርሽ አልምርሽም» ብሎ። ምን ላድርግ? ማልኩ። ወንድሜን የገደለው አፌ መሆኑን እያወቅሁ፣ አፍሽን ዝጊ ሲለኝ ዘጋሁ።

መርዶውን ጎሕ ሲቀድ አረዷት። ልቡ ድንገት ቆመ ተባለ። ለቅሶው ላይ «እጁ እንኳ ድኖለት ነበር የሄደው» እያለች ስታለቅስ እድርተኛው ሁሉ አብሮ አለቀሰ። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ።

አሁን እጥበት በየከተማው ገብቷል ይባላል። አንድ ጊዜ አንዲት ነርስ አግኝቼ የሆዱ ነው ወይስ የመኪናው ለደም ሥር የሚሻለው ብዬ ጠየቅኋት። እሷም እንደ ሰዉ ይለያያል አለችኝ። ምን ሊያደርግልኝ እንደጠየቅኋት አላውቅም።

ከወንድሜ ዓርባ በኋላ እምዬ ማሸት ተወች። ሰው ይመጣል፣ «እጄን አሞኛል» እያለች ትመልሳለች። ኀዘን ነው ብዬ አልፌው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ለካ ሁለታችንም የምናውቀውን ይዘን ነበር አንድ ቤት የምንኖረው። ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን እሠራታለሁ፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

«ያን ቀን» አለች ዞር ሳትል፣ «ጨርቁን ፈትተሽ ጆሮሽን እጁ ላይ አስጠጋሽ። ምን ልትሰሚ ነበር?»

ጣቴ ጸጉሯ ውስጥ ቆመ። አፌ ግን እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

«ልስመው ብዬ ነው፣ እምዬ።»

«ልትስሚው» አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።