ጃንጥላውን ሳላደርስ አትንገሩኝ

በረንዳችን ላይ ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት ተሰቅሏል። የልጅ ልጆቼ ልብስ ሲሰጣበት፣ ኳስ ሲያርፍበት እያዩ ነው ያደጉት። ባለፈው እሑድ አንደኛው ቀና ብሎ አየውና፣ «ሾሾ፣ በዚህ ነው ያን ሁሉ አገር የሄድሽው? ሲሪየስሊ?» አለኝ። ናይሮቢ የተወለደ ልጅ አያቱን ሾሾ ነው የሚላት፤ ለምጄዋለሁ። «ንገሪን፣ ንገሪን» ብለው ከበቡኝ። «ስናገር ስልካችሁን ትነካካላችሁ፤ እጽፍላችኋለሁ» አልኳቸው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደሉን የለቀምኩት ልጆቼ የቤት ሥራ ሲሠሩ አጠገባቸው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። አጻጻፌ ቢያነክስ ታገሡኝ።

ብስክሌት ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። አስመራ ነው ያደግኩት። አባቴ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር፤ እሱ የጠገነውን ጎዳና ላይ የምሞክርለት እኔ ነበርኩ። በኋላ አዲስ አበባ ወርጄ ሰው ቤት ስሠራ አማርኛውን ለመድኩ፤ ከዚያ ደግሞ ኬንያ። እግሬ አንድ ቦታ መቀመጥ አይወድም። ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ሳለሁ ጎረቤቶቼ «ዛሬ የት ውላ ይሆን?» ብለው ነበር የሚቀልዱብኝ።

የመጨረሻዋ ሴት ልጄ ሁለት ጊዜ አርግዛ፣ ሁለቱም ሳይቆዩላት ቀሩ። በሦስተኛው ያለ ወሯ ወለደች። ሴት ናት። ከጎኔ ብትተኛ ከክንዴ የማታልፍ ፍጥረት። ሆስፒታል የመስታወት ሣጥን ውስጥ አስተኟት። እኔ ከውጭ ቆሜ በመስኮት አያታለሁ። ደረቷ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ዝም። እኔም አብሬ ዝም። እንደገና ከፍ ሲል ነው እኔም የምተነፍሰው። ያኔ ነው ከአፌ ያመለጠኝ።

«እመቤቴ፣ ይችን ልጅ ተዪልኝ፤ ክርስትና ሳትነሣ በገዛ እግሬ መጥቼ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ።»

እዚሁ ናይሮቢ ላለችው ማርያም ብሳል ምን ነበረበት! በስተ ምዕራብ፣ የቀናት መንገድ ርቆ፣ ከኤልዶሬት ከተማ ወዲያ፣ ኮረብታ ላይ፣ የእኛ ሰዎች ያሠሯት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። በዙረቴ አንድ ጊዜ ተሳልሜያት ነበር። በዚያች ሰዓት ዓይኔ ላይ የመጣችው እሷ ናት። የተሳሉትን መለወጥ ደግሞ የለም።

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። ሕፃኗ ከሆስፒታል ወጥታ ኪሌሌሽዋ ሰፈር እናትና አባቷ ቤት ስትገባ ቀኑ እየተቃረበ ነበር። የእኔ ጉልበት ደግሞ ያን ያህል መንገድ በእግር አይችልም። ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

«አባ፣ ብስክሌት እግር ነው ወይስ መኪና?»

ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ነዳጅ ይጠጣል?» አሉኝ።

«አይጠጣም።»

«ዳገት ላይ የሚያልበው እሱ ነው ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ እንጂ።»

«እንግዲያስ እግር ነው። ግን ልጄ፣ ዕድሜሽን አይተሻል? እዚሁ ብታስገቢ እኮ እኔ እፈታሻለሁ።»

«አፌ አንድ ቦታ ጠርቶ፣ እጄ ሌላ ቦታ ይስጥ አባ?» አልኳቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ልጄ አለቀሰች። «እማዬ፣ አብደሻል? ሎሪ ይጨፈልቅሻል! እኔ እዚህ ለሷ ልጨነቅ ወይስ ላንቺ?» አማቼ ደግሞ የብስክሌቱን ፍሬን ቀየረልኝ። ጃንጥላው ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ተንጠልጥሎበታል። በላስቲክ ጠቅልዬ ከአግዳሚው ብረት ጋር አሰርኩት። የሕፃኗን ግንባር ስሜ ወጣሁ። ግንባሯ ለብ ያለ ነበር። ያችን ሙቀት ከንፈሬ ላይ ይዤ ነው የሄድኩት።

መንገዱ አላስፈራኝም ብል ሐሰት ነው። ከሊሙሩ ወዲያ ጉም ነበር፤ የፊት ጎማዬ እንኳ በቅጡ አይታየኝም። ከዚያ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚያወርደው ገደል መጣ። ከጀርባዬ ሎሪዎቹ ሲያቃስቱ፣ የተቃጠለ ፍሬን ሲሸተኝ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዤ በጣቴ ሁሉ ፍሬኑን አንቄ ወረድኩ። ለማረፍ ስቆም አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ከግንቡ ወርዶ መጣና የጃንጥላውን ላስቲክ ያዘ። እሱ ይጎትታል፣ እኔ እጎትታለሁ። «የማርያም ነው! ልቀቅ!» እያልኩ በአማርኛ ጮህኩበት። አንድ የሎሪ ሹፌር ጡሩንባውን ሲያንባርቅበት ለቀቀ። ላስቲኩ ተቀደደ፤ ከፋዩ ተረፈ።

ይህ ሁሉ ግን ከስልኩ አይብስም። የሚያስፈራኝ ስልኩ ነበር።

እናንተ ልጆች አታውቁትም። የእኛ ሰው ሞት በስልክ አያረዳም። ለመንገደኛማ ጭራሽ። «ሁሉ ሰላም ነው» ይልሃል፣ ይስቅልሃል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይሰበስብና ጎህ ሲቀድ ይመጣብሃል። መጀመሪያ እህል ያስቀምሱሃል፤ ካለቀስክ በኋላ እህል አይወርድማ። ከዚያ ነው የሚነግሩህ። የእናቴን ሞት የሰማሁት አፈሯ ከደረቀ በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስደውል፣ «ደህና ናት፣ ተኝታለች» ይሉኝ ነበር።

እንግዲህ በየመሸበት ስደውል ልጄ ምን ትለኛለች? «ደህና ናት እማዬ፣ ተኝታለች።»

ናኩሩ ከተማ አንዲት ደግ መበለት ቤት አድሬ ሳለሁ፣ «እስቲ ድምጿን አሰሚኝ» አልኳት።

«እማዬ፣ አሁን ገና እኮ ነው የተኛችው።»

«ቀስቅሻት።»

«ምነው እማዬ!»

ስልኩን አስጠጋችላት መሰለኝ፤ ጸጥታ ብቻ ሰማሁ። በማግሥቱ ደግሞ ልቅሶ አሰማችኝ። ያ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ «ከጎረቤት ልጅ ተውሰው ይሆን?» አልኩ። ፍርሃት ሲይዝህ ጸጥታውም ይመሰክርብሃል፣ ድምፁም ይመሰክርብሃል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ እኔ እስከረገጥኩ ድረስ እሷ ትተነፍሳለች። ቁልቁለት ላይ እግሬን ሳሳርፍ እንኳ ይጨንቀኝ ነበር። ሳያስፈልግ እረግጣለሁ።

ቲምቦሮዋ የሚባለው ዳገት ከፍታው ልብ ያቆማል። እየገፋሁ ነው የወጣሁት። አናቱ ጋ ስደርስ በረዶ ወረደብኝ፤ እንደ ሽምብራ ነው የሚገርፈው። መንገድ ዳር ድንች የምትሸጥ ሴት ከላስቲክ ዳሷ ሥር ሆና አየችኝ።

«ሾሾ! ጃንጥላ ይዘሽ ትደበደቢያለሽ እንዴ?» አለችኝ በስዋሂሊ።

«የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የማርያም።»

«ታዲያ እሷ እናት አይደለችም? ታውስሻለቻ!»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ግን አልዘረጋሁትም። ለስለት የተባለ ጃንጥላ መጀመሪያ የሚዘረጋው ታቦት ፊት ነው። ይልቅ ሹራቤን አውልቄ እሱን አለበስኩት። ሴትዮዋ ጎትታ ዳሷ ውስጥ አስገባችኝና የገዛ ሻሿን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። «አንድ ሰው ታሞብሻል» አለችኝ፣ ሳልነግራት። ራሴን ነቀነቅሁ።

የመጨረሻዋን ሌሊት ከኮረብታው ሥር፣ መነኮሳይያት እንግዳ በሚያሳድሩበት ግቢ አደርኩ። ማታውን ልጄ ጋ ደወልኩ፤ አላነሣችም። አማቼም አላነሣም። «ተኝተው ነው» ብዬ ለራሴ ያን የምፈራውን ቃል ነገርኩት።

ጎህ ሲቀድ ብስክሌቴን ይዤ ከበሩ ወጣሁ። አንዲት መኪና ቆማለች። አጠገቧ ሦስት ሰዎች፤ ሁለቱ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ሦስተኛዋ ነጠላ ያጣፋች ሴት። የእኛ ሰዎች። ሴትዮዋን አወቅኳት፤ ኤልዶሬት ውስጥ ምግብ ቤት ያላት ናት፤ ትናንት ሳልፍ የት እንደማድር ነግሬያታለሁ፤ ልጄ ናት ስልኳን የሰጠችኝ። ኮረብታው አናት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ልትቀበለኝ ነበር ቀጠሯችን። እዚህ ምን አመጣት? በዚህ ሰዓት? ሽማግሌ ይዛ?

ዓይኔ ነጠላዋ ላይ ሄደ። ለሐዘን አዘቅዝቃው እንደሆነ ጥለቱን ፈለግሁ። ገና ድንግዝግዝ ነው፣ አይታየኝም።

«እናቴ፣ ደህና አደሩ?» አለች። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ ከመጠን በላይ ለስላሳ። «መጀመሪያ ይምጡ እስቲ፣ ቁርስ ይቅመሱ። ዳቦ ይዘናል።»

ቁርስ ይቅመሱ! ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጉልበት መጣ። ብስክሌቱ ላይ ወጣሁና፣ «ጃንጥላውን ሳላደርስ አትንገሩኝ!» ብዬ ጮኼ ወደ ዳገቱ ሸሸሁ።

መኪናዋ ከኋላዬ ተነሣች። በእግር ያህል ነው የምትሄደው። አንደኛው ሽማግሌ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «እናቴ፣ ይቁሙ! ስለ እግዚአብሔር ይቁሙ!» ይላል። ጆሮዬን እንዳልይዝ እጄ መሪው ላይ ነው። እንዳልሰማ ጮክ ብዬ «ሰላም ለኪ» እደግም ጀመር። ሲያልቅብኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ያልሰማሁት ሞት አልሞተም፣ ያልሰማሁት ሞት አልሞተም፣ እያልኩ በልቤ። ዳገቱ ሲጠናብኝ ወርጄ ገፋሁ። ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አንዲት አሮጊትን መኪና ስታሳድዳት አይተው አጨበጨቡልኝ። ጉልበቴ እንደ ደረቅ እንጨት ይጮሃል። አፌ ውስጥ ደም ደም ይለኛል።

ከዚያ የመኪናዋ ድምፅ ተቋረጠ። ዳገቱ መሐል ላይ ቆመች። ዞሬ አላየሁም። ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ እልልታ ሰማሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሴትዮዋ እየደጋገመች። «አበዱ» አልኩ። መኪናዋ ጡሩንባ እየነፋች አለፈችኝ፤ ሴትዮዋ ግማሽ አካሏ በመስኮት ወጥቶ ታጨበጭባለች። ያን ጊዜ ጥለቱ ታየኝ። አልተዘቀዘቀም።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደርሼ፣ ጃንጥላውን ካህኑ ተቀብለው ሲዘረጉት ወርቃማው ዘርፍ ሲፈታ አየሁ፤ አንዲት ጠብታ ውኃ አልነካውም። ከበሮ ተመታ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ሴትዮዋን ቀሚሷን ያዝኳት።

«አሁን ንገሪኝ።»

«ምን ልንገርዎ እናቴ? ልጅቷ ደህና ናት!» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ልቅሶ። ቀጭን፣ የተቆጣ ልቅሶ። ያን ጊዜ የማን እንደሆነ አልተጠራጠርኩም።

«ታዲያ በጎህ ምን አመጣችሁ? ሽማግሌ ይዛችሁ?»

«ልንቀበልዎ ነዋ! ስለት በባዶ ሜዳ ይገባል እንዴ?» አለችና ፊቷን አዞረች። ዳቦውን አመጣች። በላሁ።

በመኪና ነው የመለሱኝ፤ ብስክሌቱ ጣራው ላይ ታስሮ። ሕፃኗ በቀኗ ክርስትና ተነሣች። ቤት ውስጥ ታሪኩ ቀልድ ሆኖ ቀረ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አማቼ፣ «ከቁርስ የሸሸችውን አያታችንን ተዋወቁ» ይላል። ልጄ ግን አብራ አትስቅም ነበር። እኔም ምክንያቱን አልጠየቅሁም።

ባለ ምግብ ቤቷ ሴት ከብዙ ዓመት በኋላ ለሠርግ ናይሮቢ መጥታ ቤታችን አረፈች። ያች ከክንዴ የማታልፍ የነበረች ልጅ፣ አሁን ከእኔ የምትረዝም፣ ማስታጠቢያ ይዛ መጣች። ሴትዮዋ እጇን ሳትዘረጋ ልጅቷን ዝም ብላ አየቻት፤ እንባዋ ወረደ።

«ምነው?» አልኳት።

«እናቴ፣ እስከ ዛሬ አልነገሩዎትም እንዴ?»

ያን ሌሊት ሕፃኗ አባቷ እቅፍ ውስጥ ትንፋሿ ቆሞ ሆስፒታል ወስደዋት ነበር። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ልጄ ሴትዮዋ ጋ ደውላ፣ «ተስፋ የለም ብለውናል፤ እናቴን አዘጋጅታችሁ አምጡልኝ» አለቻት። ሽማግሌዎቹን ቀስቅሳ፣ ዳቦውን ይዛ የመጣችው ሊያረዱኝ ነበር። መኪናዋ ዳገቱ መሐል የቆመችው ልጄ ደግማ ስለደወለች ነው፤ ሕፃኗ አለቀሰች ብላ።