ቶሎ የተሰጠ ይቅርታ

አሰላ በመምህርነት ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ የምኖረው ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ የአገሩ ተወላጅ፣ ሙስሊም ናት፤ ቤቷ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ባለፈው ዓመት ውኃዬ እየተቋረጠ ሲያስቸግረኝ፣ መስመሩን የምትዘጋብኝ እሷ ናት ብዬ ለአከራያችን ተናገርኩ። ያየሁት ነገር አልነበረም። ጠርጥሬ ነው፤ ጥርጣሬዬን ግን እንዳየሁት አድርጌ አወራሁት። አከራያችን በሰው ፊት ሰደበቻት። በኋላ ቧንቧ ሠሪ መጥቶ ቢቆፍር፣ ቧንቧው ከመሬት ሥር ተሰንጥቆ ኖሯል።

ሄጄ "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል "አውፍ ብያለሁ" አለችኝ። ይቅር ብያለሁ ማለቷ ነው። ለምን እንዳደረግኩት እንኳ አልጠየቀችኝም።

ሰላም የነሳኝ ይኸው ነው። እኔ ብሆን እንዲህ በቀላሉ እተወው ነበር? ስቃ ሰላም ስትለኝ ጥርሷን እንጂ ልቧን አላምነውም። ከአከራያችን ጋር በኦሮምኛ ስታወራ፣ ቋንቋውን በቅጡ ስለማልሰማ፣ የሚያሙት እኔን ይመስለኛል። ልብሴን ከእሷ ልብስ አርቄ ማስጣት ጀመርኩ። ይህን ሁሉ ለራሴ ማስተዋል እለው ነበር፤ ክርስቲያን የቀረበለትን ሁሉ ዝም ብሎ አይቀበልም፣ ይመረምራል እያልኩ።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ክዳን ባለው ሳህን ጭኮ ይዛልኝ መጣች። ጭኮ በአርሲ የክብር ምግብ ነው፤ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ ይታሻል። በጾም ቅቤ! ልታስገድፈኝ ነው አልኩ በልቤ። አመስግኜ ተቀበልኩና ሳልከፍተው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

"በምን እንደሠራችው ጠየቅሻት?" አሉኝ።

"አልጠየቅኋትም፣ አባ።"

"ታዲያ ምኑን መረመርሽው? ፈርደሽ ጨርሰሽ ነው እኮ የመጣሽው።" ቀጥለውም "ይቅርታ ለመንሽ፤ ሲሰጡሽ ግን አልወሰድሽም" አሉ።

ከፋኝ። ለእሷ ያደሉ መስሎኝ እሳቸውንም ጠረጠርኳቸው። ቢሆንም ቤት ስደርስ ሳህኑን ይዤ በሯን አንኳኳሁ።

"ኮቱ፣ ግቢ" አለችኝ። ክዳኑን ከፍቼ ሳሳያት፣ ጭኮው እንዳልተነካ አይታ ፊቷ ተለወጠ።

"አትቀየሚኝና፣ ቅቤ አለው ወይ?"

"በዘይት ነው ያሸሁት። ስትጾሚ አላይም እንዴ?" ሥራዋን አቁማ ወደ እኔ ዞረች። "ምን አደርግብሻለሁ ብለሽ ነው? ያን ጊዜ ያልሽው አሞኛል፤ ቤቴን ዘግቼ አልቅሻለሁ። አውፍ ያልኩሽ ስላልከፋኝ አይደለም፤ ቂም ይዤ መኖር ስላልፈለግኩ ነው። አንቺ ግን መልሰሽ ታሸክሚኛለሽ።"

ያመንኳት ተቆጥታ ሳያት ነው። እንዲያ በአንድ ቃል የሰጠችኝ ይቅርታ ለካ አልቅሳበት ኖሯል። ከሳህኑ ቆንጥሬ ጎረስኩ። ከመቆየቱ የተነሳ ደርቋል፤ የቅቤ ሽታ የለውም። ሌላ ቆንጥሬ ወደ እሷ ዘረጋሁ። አሁን የምታመነታው እሷ ሆነች፤ እጄን አየችው፣ ፊቴን አየችው፣ ቆይታ አፏን ከፈተችልኝ።