ፊታቸውን አዙረው ይበሉ የነበሩት መምህር

በጋምቤላ ከተማ «እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ፣ ከራዲዮ ብቻ የተማረ ማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የባጃጅ ሾፌሩም፣ የቢሮ ኃላፊውም፣ ባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጠው ሴትም የሚሰጧችሁ መልስ አንድ ነው፤ ጋሽ እንድሪስ፣ ራዲዮ ጠጋኙ። እኔ ነኝ። ከወሎ በሰፈራ መጥቼ አቦቦ አጠገብ በቆሎ እዘራ የነበርኩ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ዲግሪ የጫኑ ልጆች የእንግሊዝኛ ማመልከቻቸውን እኔ ሳላይላቸው አያስገቡም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራም ከሆነ የሚገባኝ ጉራ ነው። የምለው ከእጄ የወጣው ሰው ማን እንደነበረ እንድታውቁልኝ ነው። ካስተማርኳቸው ሁሉ እኔን የበለጡኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እርሳቸውም መምህር ጋትሉዋክ ናቸው። በጉበት ሕመም ጥቂት ጊዜ ተኝተው ሰንብተው፣ ባሮ ከአፍ እስከ ገደፉ በሞላበት በዚህ ክረምት አረፉ።

ወዳጆቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያም በከተማውም ያስተማሯችሁ ሁሉ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። በሕይወት ሳሉ «አንተ» ነበር የምላቸው፤ ልጄ ነበሩና። አሁን ስማቸውን በወረቀት ላይ ሳሰፍር ግን እጄ አንቱ ካላልኩ አልጽፍም አለኝ።

መጀመሪያ የተዋወቅነው በተበላሸ ራዲዮ ነው። ገና ወጣት ሳሉ ከኢታንግ አካባቢ በእግራቸው መጥተው ራዲዮናቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ጠግኜ ሰጠኋቸው። አልሄዱም።

«ተሠርቷል እኮ፤ ሂድ እንጂ» አልኳቸው።

«እየሰማሁ ነው» አሉኝ። የእንግሊዝኛ ዜና ነበር።

«ይገባሃል?»

«አይገባኝም። አንተ ይገባሃል?» ያኔ አማርኛቸው ገና ነበርና ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይሉ ነበር።

«ሁሉም ይገባኛል» አልኳቸው። ሁሉም ባይሆን አብዛኛው ይገባኝ ነበር። በማግስቱም መጡ፤ በሦስተኛውም ቀን መጡ። በሱቄ ደጃፍ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ዛሬ ድረስ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው ትምህርት የተጀመረው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ተማሪ እርሳቸው ነበሩ። ኮሌጅ ገብተው የመንግሥት መምህር ከሆኑ በኋላም ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ማንጎው ይመጡ ነበር። እኔ ጀማሪውን አስተምራለሁ፣ እርሳቸው የበሰለውን። «ጋሼ መሠረቱን ይቆፍራል፤ እኔ ጣራውን እከድናለሁ» ይሉ ነበር። መሠረት ከጣራ እንደሚበልጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከመምህር ጋትሉዋክ ጋር ማዕድ የቀረበ ሁሉ አንድ ነገር ያስታውሳል። በቤቴ የመጀመሪያው ምሳ የቀረበላቸው ቀን ባለቤቴ ዘይነባ ሳህኑን አስቀምጣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እርሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሳህኑን አልነኩም።

«ምነው ልጄ? ወጡ አልጣመህም?» አለቻቸው።

ነገሩን የነገርኳት እኔ ነኝ። በኑዌር ወግ ያደገ ወንድ ዘመዱ ባልሆነች ሴት ፊት አይበላም። ሴቲቱን ማክበሩ ነው። ከተሜው ትቶት ይሆናል፤ እርሳቸው ግን አልተዉትም። ዘይነባ ሳቋን ለቀቀችው። «አይ የእኔ ሙሽራ! በገዛ ቤቴ አስወጣኸኝ፤ በል ብላ!» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እርሳቸው በመጡ ቁጥር ሳህኑን አስቀምጣ «ወጣሁልህ ሙሽራው!» ትል ነበር። መሃል ከተማ ባሉት ምግብ ቤቶችም ወንበራቸውን ሁልጊዜ ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚቀመጡት። ወጣት መምህራን «ቲቸር፣ እኛን ጠልተህ ነው ግድግዳውን የመረጥከው?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እርሳቸውም ሳይዞሩ «ግድግዳው እህት የለውም» ይላሉ።

ታዲያ እኒህ ሰው ናቸው በመምህራን ልውውጥ ለአንድ ዓመት እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ ወደ ስፔን የተጠሩት። ወሬው በከተማው ተሰማ። ሾፌሮቹ «ጋሼ፣ ልጅህ ሄደ በቃ፤ ከአውሮፓ የሚመለስ ሰው አይተሃል?» አሉኝ። እኔም አላየሁም ነበር። አውሮፕላን ጣቢያው ድረስ ሸኝቼ እንዲህ አልኳቸው፦

«ስማ። አርጅቻለሁ። መቃብሬ ላይ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም፣ በኑዌርኛም ንግግር የሚያደርግ ሰው እፈልጋለሁ። ከአንተ በቀር የሚችል የለም። ካልተመለስክ አልሞትም።»

«እንግዲያ ባልመለስ ነዋ የሚሻልህ» ብለው ሳቁ። ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እመለሳለሁ ጋሼ። የምቀብርህ እኔ ነኝ።»

ከስፔን በየሳምንቱ ይደውሉልኝ ነበር። የገቡባት ከተማ ትንሽ ናት፤ ዙሪያዋን ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ነው። «ጋሼ፣ አልዌሮ ግድብ ሥር ያለሁ ነው የሚመስለኝ፤ ሙቀቱ ብቻ ቀረ» አሉኝ። በመጀመሪያው ቀን ክፍል ሲገቡ አንድም ልጅ አልተነሳም። እርሳቸውም በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። «ምን እየጠበቁ ነው?» ሲሏቸው «እስክትነሱ» አሉ። ልጆቹ እየሳቁ ተነሱ። ውሎ ሲያድር ሳቁ ቀረ፤ መነሳቱ ግን ጸና።

ግንባራቸው ላይ ስላሉት ስድስት መስመሮችም ልጆቹ ጠየቋቸው። «እናንተ የምታሰምሩት ደብተር ላይ ነው፤ እኔ ለአካለ መጠን ስደርስ በአገሬ ወግ ግንባሬ ላይ ተሰመረልኝ። ያን ቀን ያለቀሰ ወንድ አይባልም» አሏቸው። በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ ግንባሩን በእስክሪብቶ አስምሮ መጣ። ርዕሰ መምህሩ እንግዳውን የሰደቡ መስሎት ሊቀጣቸው ተነሳ። መምህር ጋትሉዋክ ግን በየወንበሩ እየዞሩ ግንባር ማረም ያዙ። «የአንተ ጠማማ ነው። የአንቺ አራት ብቻ ነው፤ ሁለት ይቀርሻል። አንተ ደግሞ ገና ሳይነካህ አልቅሰሃል፤ ተቀመጥ።» ይህን በስልክ ሲነግሩኝ እኔም ሳቅሁ፤ ከሱቄ ፊት ያለፈው ሁሉ አብዷል ብሎኛል።

የከበዳቸው ማዕድ ነበር። ያረፉት ወይዘሮ ፒላር ከሚባሉ፣ ባላቸው ከሞተባቸው ሴት ቤት ነው። ያላገባች ልጃቸውም አብራቸው ትኖራለች። እሑድ እሑድ በሰፊ ጠፍጣፋ መጥበሻ ሩዝ ይሠራና መጥበሻው እንዳለ መሃል ይቀመጣል፤ ሁሉም በየማንኪያው ከዚያው ከአንዱ ይበላል። እንግዲህ አስቡት፤ እናት በአንድ በኩል፣ ልጅ በሌላ በኩል፣ መምህር ጋትሉዋክ መሃል! ማንኪያቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ አልጎረሱም። በሁለተኛው እሑድም እንዲሁ። ሌላውን ቀን ምግባቸውን ወደ ክፍላቸው ይዘው ይገቡ ነበር።

«ሴትዮዋ አዘኑ። ምግቤን ተጸየፈው ብለው ለትምህርት ቤቱ ሌላ ቤት ይፈለግለት ሊሉ ነው» አሉኝ በስልክ።

«ጾም ነኝ በላቸው» አልኩ።

«እስከ መቼ ጋሼ? ዓመቱን ሙሉ ልጹም?»

«እንግዲያ እውነቱን ንገራቸው። በአጭር ዐረፍተ ነገር። ለጀማሪ እንደምናስተምረው።»

በሚቀጥለው እሑድ ነገሯቸው። ወይዘሮ ፒላር እንግሊዝኛ የሚያውቁት በጣት የሚቆጠሩ ቃላት ነው። «በአገሬ እናትን ሳከብር በዓይኗ ፊት አልበላም» አሏቸው፤ በእጅም በዓይንም እያሳዩ። ሴትዮዋ ተነሱ። ልጃቸውን በምልክት አስነሱና ሁለቱም ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ተቀመጡ። ሩዙን በየሳህናቸው ይዘው ወደ መስኮቱ እያዩ መብላት ጀመሩ። ወይዘሮ ፒላር ሳይዞሩ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ብቻ ጮኹ፤ «ብላ!»

መምህር ጋትሉዋክ ያን ቀን መጥበሻው እስኪታይ በሉ።

ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ጀርባ ለጀርባ ሆነው እየበሉ ያወሩ ነበር። ወይዘሮ ፒላር እንግሊዝኛ የተማሩት በዚያ ማዕድ ላይ ነው። «ፊት የማያይ ጆሮ ቶሎ ይማራል» ይሉኝ ነበር መምህሩ። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እኔ የተማርኩበት ራዲዮም ፊት አልነበረውም። ሲውል ሲያድር «እማማ ፒላር» ይሏቸው ጀመር።

ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርት ቤቱ እንዲቆዩ ለመናቸው፤ እማማ ፒላርም ክፍሉ የአንተ ነው አሉ። እርሳቸው ግን መጡ። ከአውሮፕላን ሲወርዱ ቀጥታ ወደ ማንጎው ነው የመጡት፤ ሻንጣቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው «የት ደረሳችሁ?» ብለው ትምህርቱን ቀጠሉ። ባጃጅ ሾፌሮቹ «ቲቸር፣ ሰው እንዴት ከአውሮፓ ይመለሳል?» ሲሏቸው የመለሱትን ሁሉም ያስታውሳል፤ «ጋሽ እንድሪስ ካልተመለስክ አልሞትም ብሎኛል። አንድ ሰው ዘላለም እንዲኖር ማድረግ ለከተማው ይከብዳል ብዬ ነው።»

ከዚያ ብዙም አልቆዩም። መጀመሪያ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ሆስፒታል ስጠይቃቸው አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ተማሪዎቹ አወራላቸው ነበር። በመጨረሻው ቀን «ጋሼ፣ ንግግሩን አዘጋጅቼ ነበር» አሉኝ። የትኛውን ንግግር እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አውቄዋለሁ።

ከቀብር በኋላ ባለቤታቸው ኛቦል የእርሳቸውን ስልክ ይዛ ወደ ሱቄ መጣች። «ጋሼ፣ አንዲት ነጭ ሴትዮ በምስል ትደውላለች። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ አንተ ንገራት» አለችኝ። ስልኩ ገና እጄ ሲገባ ጮኸ። እማማ ፒላር ነበሩ፤ ሽበታቸው የነጣ፣ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው። «መምህሬ የታል?» አሉ በእንግሊዝኛ።

እኔ የስንቱን መሪ ሞት በራዲዮ በእንግሊዝኛ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ እንዴት እንደሚነገር ከነዜማው አውቀዋለሁ። አንዱም አልመጣልኝም። ለጀማሪ እንደምናስተምረው በአጭሩ «መምህር የለም። ቀበርነው» አልኳቸው።

አልጮኹም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆሙትና ተነሱ። ወንበራቸውን ቀስ ብለው አዞሩት፤ ተቀመጡም። ጀርባቸው ብቻ ይታየኝ ነበር፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያኔ እኔም ስልኩን ራዲዮኖቹ መሃል አስደግፌ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ብዙ ቆየን። ኛቦልም በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር።

ጋትሉዋክ ልጄ፣ እንግዲህ ለሰው የምጽፈውን ጨርሻለሁ። አሁን ለአንተ ነው፤ አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን። ቃልህን ጠብቀህ መጥተህ ነበር፤ ተራውን ያዛባው ሞት ነው፤ አንተ አይደለህም። በሰላም እረፍ፤ ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበልህ። የሠራሁትን ልንገርህና ተኛ። መቃብርህ ላይ በሦስቱም ቋንቋ ተናግሬያለሁ፤ በኑዌርኛው አጎቶችህ ሳቁብኝ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ዘልቄዋለሁ። ማንጎው ሥር ያለውን ትምህርት አንድም ቀን አላጠፍኩትም። የአንተን የበሰሉ ተማሪዎችም ይዣለሁ፤ መሠረቱን ቆፍሬ ጣራውንም እከድናለሁ። ለእማማ ፒላር ነግሬያለሁ፤ እሑድ እሑድ ይደውላሉ፤ ጀርባ ለጀርባ እናወራለን። ትናንት ደግሞ ቤትህ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ኛቦል ምግብ አቀረበችልኝ። ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ደገኛ ነህ» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። ወጣችልኝ፤ እኔም በላሁ።