የሚጢጢ ቀይ ጨርቅ

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እጇ ወርቅ ነው፤ ምላሷ ግን ከመቀሷ ይስላል። ደንበኛ ጠበበኝ ብላ ስትነጫነጭባት፣ "ልብሱ አልጠበበም፣ አንቺ ነሽ የሰፋሽ" ከማለት ወደኋላ አትልም። አንድ ነገር ብቻ ትፈራ ነበር፤ ልጇ ከመዋዕለ ሕፃናት እንዳትባረርባት። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ገና በር ላይ ነው የመለሱን።

ልጅቷን ሚጢጢ እንላታለን። አምስት ዓመት ሞልቷታል፤ አፏን ግን አልፈታችም። ቤት ስትሆን ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ በየቀለሙ ትደረድራለች፤ ቀዩን ከኪሷ አትለየውም። ትምህርት ቤት ደወል ሲጮህ ግን ጆሮዋን ይዛ አጠገቧ ያለውን ልጅ ትነክሳለች።

አስተማሪዋ አንድ ቀን እህቴን፣ "እኔ ብቆጣት አትሰማኝም። የምትወደውን ነገር ይከልክሏት፤ ካልሆነ እኛም አንችልም" አለቻት። እህቴ ይህን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ያዘችው። ልትወስዳት ስትሄድ፣ በር ላይ መንከሷን እንደሰማች እጇን ዘርግታ ቀዩን ጨርቅ ትቀበላታለች። የምትመልስላት በማግስቱ ነው። የተነከሰው ልጅ እንኳ እህቴ እስክትደርስ ረስቶት ይጫወታል። አንድ ማታ ተቆጣኋት።

"ኧረ በፈጠረሽ! ጠዋት ላጠፋችው አሁን ስትቀጫት ምኑን ከምን ታገናኘዋለች?"

"አንቺ ምን አለብሽ? ወልደሽ እይው።"

እንዳልወለድኩ ደህና አድርጋ ታውቃለች።

አንድ ቀን ሚጢጢን ልናመጣ አብሬያት ሄድኩ። ደወሉ ከጠዋት ጀምሮ ተበላሽቶ ኖሮ ዘበኛው ልጆቹን በእጁ እየጠራ ያስወጣል። አስተማሪዋ ፈገግ ብላ፣ "ዛሬስ ማንንም ሳትነካ ዋለች! ቅጣቱ ሠርቷል" አለች።

እህቴ ፊቷ በራ። ልጇን ልታቅፍ እጇን ዘረጋች። ሚጢጢ የተዘረጋውን እጅ አየች፣ ቀዩን ጨርቅ ከኪሷ አውጥታ እላዩ ላይ አኖረችና ከአስተማሪዋ ኋላ ተደበቀች።

"አይ የኔ እናት፣ ዛሬ እኮ ምንም አላጠፋሽም!"

ጨርቁን ልትመልስላት ብትታገል ሚጢጢ ኪሷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ለካ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ ስትመጣ ጨርቁ ይሄዳል።

አሁን ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነኝ። እህቴ ቅጣቱን ከተወች ቆየች፤ የቤቱን ጨርቅ ሁሉ ፊቷ ከምራላታለች። ሚጢጢ ግን እናቷ በሩን ስትከፍት ገና ድምፁን ሰምታ ትነሳና ባዶ ኪሷን ገልብጣ ታሳያታለች።