ከመቶ አንድ

የጠመኔ ብናኝና የዝናብ ሽታ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ማስተማሬን አቋርጣለሁ። ዛሬም ክፍል ውስጥ አንድ አስረኛ ሲባዛ በአንድ አስረኛ ብዬ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረና እጄ ቆመ። ተማሪዎቼ «ሙዋሊሙ ረሳች!»፣ መምህሯ ረሳች፣ ብለው ሳቁብኝ። ብረሳማ ምን ነበረበት!

ያኔ እዚሁ ሞያሌ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ሂሳብ ስለምችል አፌ አያርፍም ነበር። አባቴ የፍየል ነጋዴ ነው፤ አንዱ ቢቀር ሌላው ይትረፍ ብሎ ሁለቱን ወንድሞቼን በአንድ ሎሪ አሳፍሮ አያውቅም። የእሱም አባት እንደዚያው ነበሩ አሉ። አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ፍየሎቹ ከወንዙ ማዶ ዳበል መንደር፣ ገዢዎቹ ከተማ፣ ዝናቡ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ወረደ። እናቴ ላጋው፣ ያ በጋውን ሙሉ ደረቅ የሚከርመው ወንዝ፣ ይሞላል ብላ ወንድሞቼን በር ላይ ቆማ ከለከለቻቸው።

«ሁለቱንም አንድ ላይ እንደማላጣ ብቻ ንገሪኝ» አለችኝ።

ደብተሬን አወጣሁ። አንድ ሎሪ ላጋው ላይ የመቅረት ዕድሉ ከአስር አንድ ነው አልኳት፤ እሱንም ከራሴ ነው ያመጣሁት። ሁለቱም የመቅረታቸው ዕድል ግን ከመቶ አንድ። «ከመቶ አንድ» እያለች ለራሷ ደጋገመችውና ከበሩ ዞር አለችላቸው። ትንሹ ወንድሜ ሻሼን ጎተት አድርጎ፣ «ፕሮፌሰር፣ ምርጧን ፍየል ላንቺ» ብሎኝ ወጣ። የታጠበበት ሳሙና ሽታ በሩ ላይ ቀረ።

ሲመለሱ የትልቁ ሎሪ ላጋውን ተሻገረ። ያዩት ሰዎች እንደነገሩን ልብሱ እንኳን አልረጠበም። የትንሹ ሎሪ ከኋላ መጥቶ መሃል ላይ ሲቆም፣ ውሃውም እያጓራ ሲወርድ፣ ትልቁ ወንድሜ ገመድ ይዞ ተመልሶ ገባ። ሁለቱም አልወጡም።

አስተማሪያችን ሁለት ዕድሎችን ማባዛት የሚቻለው አንዱ ሌላውን የማይነካው ከሆነ ብቻ ነው ብሎን ነበር። ወይኔ! ወንድማማቾች መሆናቸውን እንዴት ረሳሁት?

የአረፋ ጠዋት ከመስጊድ ተክቢራ እየተሰማ፣ እናቴ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ያቺ ከመቶ አንዷ ለእኛ ደረሰች ማለት ነው?» አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ እውነት መጠየቋ ነበር።

«አዎ፣ እማዬ።»

ከዚያ በኋላ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ፣ «ልጄ በደንብ አስልታልኝ ነበር፤ የአላህ ውሳኔ ሆነ እንጂ» ስትል ኖረች። ስሌቱ ስህተት እንደነበረ ሳልነግራት አምና ቀበርኳት።