ዋስ የሆንሁለት ሐኪም

ሃንጋሪ ሄዶ ቀዶ ሕክምና የመማር ዕድል ለሆስፒታላችን ሲመጣ እጩዎቹ ሁለት ነበርን፤ እኔና ጎንደር አብሮኝ የተመረቀው ጓደኛዬ። ሁለታችሁም ከሄዳችሁ ባሕር ዳር ማን ይቀራል ተባለና ተራ ወጣልን። እሱ ቀድሞ ይሄዳል፤ ተምሮ ሲመለስ እኔ እሄዳለሁ። ለምን እሱ እንደቀደመ ስጠይቅ ኃላፊያችን፣ "አንቺ ሴት ነሽ፤ እስከዚያ ታገቢ ይሆናል" አሉኝ። አላገባሁም። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

በዚያ በደርግ ዘመን ለትምህርት ከአገር የሚወጣ ሰው እመለሳለሁ ብሎ ቢምል ማን ያምነዋል? ደመወዝተኛ ዋስ ማምጣት ነበረበት። የጓደኛዬ አባት ከጣና ማዶ ቁንዝላ መሪጌታ ናቸው፤ ድጓ እንጂ ደመወዝ የላቸውም። ስለዚህ እኔ ፈረምሁለት። ከተማው እጮኛው ናት አለ። እጮኛው አልነበርሁም፤ ቶሎ ሄዶ ቶሎ እንዲመለስልኝ የቸኮልሁ ተረኛ ነበርሁ።

መጀመሪያ ላይ ይጽፍልኝ ነበር። እዚያ የእኛን ዲግሪ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ቋንቋ አስተምረው እንደገና ፈተኑት። እዚህ ብቻውን ሆኖ ምጥ የጠናባትን ሁሉ ሲያዋልድ የኖረ ሰው እዚያ መቀስ አቀባይ ሆነ። "ዶክተር ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ ግን እጄ እየለመደ ነው" ይለኛል። ቀናሁበት። መቀስ ማቀበሉም ሳይቀር አስቀናኝ።

ከዚያ ደብዳቤው ቀረ። ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ጥገኝነት መጠየቁን የሰማሁት ዋስነቱን የፈረምሁበት ቢሮ ተጠርቼ ነው። እሱ እስኪመለስ ድረስ ዋሱ ከአገር አይወጣም አሉኝ። በገዛ ፊርማዬ ታሰርሁ። የእሱን ስም በልቤ እየጠራሁ ስንት ጊዜ እንደተሳደብሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ክረምቱ ሲወጣ እናቱ ከቁንዝላ በጀልባ መጡ። ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ነበር። ስፈታው የድሮው እንቅርታቸው አድጎ የአየር ቧንቧቸውን ተጭኖታል። ሲተነፍሱ ያፏጫሉ። አዲስ አበባ ላክኋቸው፤ አልጋ የለም ተብለው የሩቅ ቀጠሮ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ ዳግመኛ አልንገላታም አሉ፤ እኛው ሆስፒታል አስተኛኋቸው። ቀጠሮው እስኪደርስ የሚያቆይ ትንፋሽ አላየሁባቸውም። ማዋለድ አውቃለሁ፣ ሲቸግር ትርፍ አንጀት አወጣለሁ፤ ያንን አንገት ግን ብነካው እጄ ላይ ይቀሩብኛል። የቀዶ ሐኪም ሥራ ነው፤ ቀዶ ሐኪም ደግሞ አልነበረንም። እኛ የምንጠብቀው የእሳቸውን ልጅ ነበር።

መታመማቸውን የዚያ ቢሮ ሰዎች ሰሙ። "እናትህ ታማለች፣ ድረስ ብለሽ ጻፊለት፤ አድራሻውን እኛ እንሰጥሻለን" አሉኝ። "እሱ ከመጣ አንቺን የሚይዝሽ የለም።"

ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥሁ፤ ግን የቱን ያህል ለእሳቸው፣ የቱን ያህል ለራሴ እንደምጽፍ መለየት አቃተኝ። በመጨረሻ ተነሥቼ ወደ አልጋቸው ሄድሁ።

"እማማ፣ ታመዋል ብዬ ልጻፍለት?"

"ቢመጣ ያስሩታል?"

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። "አይቀርለትም" አልሁ።

"እንግዲያ አትጻፊ። እኔ እንደሁ አንች አለሽኝ።"

ተናደድሁባቸው። ልጃቸውን ሲያድኑ የኔንም ተራ አብረው አሳልፈው እየሰጡ ነው፤ ይወቁት አይወቁት እንጃ። እንደዚያ ተናድጄባቸው እያለሁ ደግሞ እጃቸውን ለቅቄ መሄድ አልሆነልኝም። አለሽኝ ማለታቸው ከሁሉም የባሰ ነበር። ምን አለኝና ነው?

ወረቀቱ ባዶውን ቀረ። በጀርባቸው ሲተኙ ስለሚታፈኑ ቀን ከሌት ተቀምጠው ነበር የሚያንቀላፉት። ካገኘሁበት ሁሉ ትራስ እየለቀምሁ አመጣላቸው ጀመር። አንድ ጠዋት ከጀርባቸው ሳስተካክልላቸው አንገታቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉና፣

"ልጄ የሚማረው ይኸን ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ እንዲህ ያለውን ነው።"

"እንግዲያስ ይማር" አሉ፤ ቃሉን ለመጨረስ ሁለቴ መተንፈስ ነበረባቸው።

እኔም አንድ ትራስ ጨመርሁላቸው።