አክፔኔ የመራችው ዘፈን

አክፔኔ በመንደራችን ዓሣ በጭስ እያደረቀች ትሸጥ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ምድጃው አጠገብ እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ የሁለት ዓመት ልጇ ሐይቁ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ከሰው ጋር መነጋገር ትታ፣ በሐይቁ ዳር እየዞረች የሰው ሕፃን ሁሉ ልታቅፍ ትታገል ጀመር። አክራ ወስደው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስገቧት። ባሏ አስቀድሞ ወደ አቢጃን ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። ትልቋን ልጅ፣ ሴናምን፣ የባሏ እህት ዛቱግቤ ወሰደቻት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ድና መጣች። ልጄን ስጡኝ አለች። እኛ ሽማግሌዎች ተቀመጥን።

«አንዱን ውሃ አስበላች፤ ሁለተኛዋን ልጨምርላት?» አለች ዛቱግቤ። «ጤነኛ ናት የሚል ወረቀትና ደመወዝ ያለው ሥራ ታምጣ። ያን ቀን በገዛ እጄ አስረክባታለሁ።»

ፍርዱ ጥሩ ነው አልን።

በወረዳው ጤና ጣቢያ ስልጠና የተከፈተው በዚያ ዓመት ነው። የታመመና ጤነኛ፣ የሚያይና ዓይነ ስውር፣ ከበሮ የሚችልና የማይችል በአንድ ክብ ተቀምጠው እንዲጫወቱ የሚመራ ሰው ያሠለጥናሉ። ያለፈ ለሥራው ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት ተሰጥቶት እዚያው ይቀጠራል። እኛ ሳቅን። በእኛ ዘንድ ከበሮ ሲማር የተሳሳተ ልጅ ጣቱን በዱላ ይመታል፤ እኔም ተመትቼ ነው የተማርኩት።

አክፔኔ ተመዘገበች፤ የመንደሩ ደወል መቺ እኔ ስለሆንኩ ማታ ማታ ቤቴ እየመጣች ትለማመድ ነበር።

«ቶግቢ፣» ትለኛለች በሽማግሌ ወጉ፣ «እስቲ ተሳስተው ይምቱልኝ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ላንቺ ብዬ ልሳሳት?»

«እንግዲያ እርስዎ አይጠቅሙኝም። ለሚሳሳት ሰው ነው ቦታ ያለኝ።»

ለፈተናው ከመንደሯ ሃያ ሰው ሰብስባ እንድታጫውት ታዘዘች። የትምህርቱ ሕግ አጭር ነበር፤ ከክቡ ማንም አይወጣም፣ ሰው ያመጣውንም ዘፈን መሪው ይቀበላል እንጂ አያቋርጥም። ያቋረጠ ይወድቃል። ደግሞም ከሁሉ የማትፈልጊውን ሰው ጋብዢ ተባለች። ዛቱግቤን ጋበዘች። ዛቱግቤ ዘፈን በማውጣት በአካባቢው የሚስተካከላት የለም።

በኮኮናት ዛፎቹ ሥር ተቀመጥን። ፈታኟ መምህርት ኤፉዋ ከኬፕ ኮስት የመጣች ናት፤ የእኛን ቋንቋ አትሰማም። የብረት ደወሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። በእኛ ጨዋታ ሁሉም ደወሉን ይከተላል፤ ደወል ከቆመ ከበሮውም ዘፈኑም ይቆማል።

አክፔኔ ከበሮ ነክተው የማያውቁ ሴቶችን ሳይቀር አስማማች። እውነት ለመናገር፣ እጇ ያማረ ነበር። ከዚያ፣ «ዘፈን የሚሰጠን ማነው?» አለች።

ዛቱግቤ ተነሣች። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴናም እግሯ ሥር ተቀምጣለች። «ያመጣሁትን ትቀበያለሽ?»

አክፔኔ ፈታኟን አየች። «እቀበላለሁ፣ እትዬ።»

«ዓሣው እንዳያርርባት እያገላበጠች፣ ልጇን ለውሃ የሰጠች፣ ማነች?»

የስድብ ዘፈን ነው። እንዲህ ዓይነቱን በእኔ ልጅነት ሁለት ሰፈር ደም ስለተፋሰሰበት አለቆች ከልክለውት ነበር። ሰዉ ግን አቀባበሉን አልረሳውም፤ ባንድ አፍ፣ «አክፔኔ ናት!» አለ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሴናምም ከሰዉ ጋር እያጨበጨበች ጮኸች። መምህርት ኤፉዋ የአክፔኔን ስም ስትሰማ ያመሰገኗት መስሏት ተነሥታ ጨፈረች።

አክፔኔ አላቋረጠችም። እጇን ስታነሣ ይጮሃሉ፣ ስታወርድ ዝግ ይላሉ። ዓይኗ ግን ደወሌ ላይ ነበር። ባቆመው ጥፋቱ የእኔ ይሆናል፤ እሷ አትወድቅም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

አላቆምኩም። ምክንያቱን አልደብቅም፤ ዘፈኑ ጥሩ ነበር። እንዲህ ያለ ከሰማሁ ስልሳ ዓመት አልፎኛል።

ሲያበቃ መምህርት ኤፉዋ አቅፋ ሳመቻትና ወረቀቱን እዚያው ፈርማ ሰጠቻት። አክፔኔ ይዛው ወደ ዛቱግቤ ሄደች።

«እትዬ፣ ወረቀቱ ይኸው። ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ልጄን።»

ዛቱግቤ ወደ እኔ ዞረች። «አዩልኝ ቶግቢ? በሞተ ልጇ ሲዘፈንባት እጇን እያወዛወዘች የምታዘፍን ጤነኛ ያውቃሉ? ጤነኛ ብትሆን ከበሮውን አናቴ ላይ ትሰብረው ነበር።»

«ብሰብረው ወረቀቱን አላገኝም ነበር፣» አለች አክፔኔ።

«እንግዲያ ወረቀትሽን እቀፊ።» የሴናምን እጅ ይዛ ሄደች። ልጅቷ ዘፈኑን እያንጎራጎረች ተከተለቻት።

አክፔኔ ለሽማግሌዎች አቤት አለች። ታላቃቸው እኔ ነኝና ሁሉም እኔን አዩኝ። «ነገሩ ይደር፣» አልኩ። ስድስት ዓመት አደረ። ሴናም ዛሬ አክስቷ ምድጃ ላይ ዓሣ ታገላብጣለች፤ ጤና ጣቢያው ጋ ስትደርስ በእናቷ በር ላለማለፍ መንገድ ትሻገራለች።

ዘንድሮ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረና ነርሷ ወደ አክፔኔ ክብ ላከችኝ። አክፔኔ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ። ደወሉን ለአንድ ዓይነ ስውር አቀበለችው። ለእኔ ሕፃናት የሚያንኳኩትን ዶቃ ያለበት ቅል ሰጠችኝ።

«ደወሉንስ?» አልኳት።

«ይደር፣ ቶግቢ፣» አለችና እጇን አነሣች።